አንድ የእንቁላል እጢ ከወጣ በኋላ፦ ሆርሞን፣ የወር አበባና ልጅ መውለድ

ጥያቄ፦ «ዕድሜዬ 31 ነው፤ የምኖረው ቡሬ አካባቢ ነው። የ6 ዓመት ሴት ልጅ አለችኝ። ለ3 ዓመት የ3 ወር መርፌ ስወጋ ቆይቼ፣ ሁለተኛ ልጅ ስለፈለግን ነሐሴ ላይ የመጨረሻውን ተወግቼ አቆምኩ። ጥር ላይ ድንገት ከሆዴ በታች በቀኝ በኩል መቆምም መቀመጥም የማያስችል ሕመም ያዘኝ፤ እያስመለሰኝ ሆስፒታል ገባሁ። የቀኙ ኦቫሪ (የእንቁላል እጢ) እባጭ ወጥቶበት ተጠማዟል ተብሎ ከነቱቦው ወጣ። የተሰጠኝ ወረቀት ዴርሞይድ፣ 9 ሴንቲ ሜትር ይላል። ፀጉርና ጥርስ ነበረበት ስለተባለ መተት ነው የሚሉኝ አሉ። የወር አበባዬ እስከ ሚያዝያ ሳይመጣ ቆየ፤ ቀጣዩ ደግሞ የመጣው በ41 ቀኑ ነው። ፀጉሬ ይረግፋል፣ ይደክመኛል። አማቴ በአንድ በሬ አይታረስም ይላሉ፤ የቀረው የግራው ስለሆነ ብትወልድም ሴት ብቻ ነው የሚሉም አልጠፉም። ሆርሞኔ ግማሽ ሆኗል ማለት ነው? ቶሎ አርጣለሁ? ጎረቤቴ የሆርሞን እንክብል ገዝተሽ ዋጪ ብላኛለች፤ ልውሰድ?»

ምላሽ፦ የሆርሞን እንክብሉን አይውሰዱ። ሆርሞንዎ ግማሽ አልሆነም፤ የወር አበባዎ የዘገየውም በቀዶ ሕክምናው ሳይሆን በአብዛኛው በመርፌው ምክንያት ነው። ይህን በቁርጥ የምናገርበትን ምክንያት ለመረዳት ግን የእንቁላል እጢ ሥራውን እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ያስፈልጋል፤ በጥያቄዎ ውስጥ ያሉት ስጋቶች አብዛኞቹ የሚነሡት እጢው የሆርሞን ማጠራቀሚያ ከረጢት ነው፣ ሁለት ከነበረ አንዱ ሲወጣ የያዘው ግማሽ አብሮ ይሄዳል ከሚል ግምት ነው።

የእንቁላል እጢዎች ከማህፀን ግራና ቀኝ በጅማት ተይዘው የሚገኙ፣ በመውለጃ ዕድሜ ላይ እያንዳንዳቸው 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ርዝመት ያላቸው ትንንሽ አካላት ናቸው። እንቁላል አብስለው ይለቃሉ፣ ሆርሞንም ያመርታሉ፤ ሁለቱ ሥራዎች ግን አይነጣጠሉም። በእጢው ውስጥ እያንዳንዱ እንቁላል ፎሊክል በሚባል በጣም ትንሽ ከረጢት ተከቧል። ፎሊክሉ ማደግ ሲጀምር በውጭ በኩል ያሉት ሕዋሳቱ አንድሮጅን የሚባለውን የሆርሞን ዓይነት ይሠራሉ፤ በውስጥ በኩል፣ በእንቁላሉ ዙሪያ ያሉት ሕዋሳት ደግሞ ያንኑ ተቀብለው ወደ ኤስትሮጅን ይለውጡታል። ስለዚህ ኤስትሮጅን ተጠራቅሞ የሚቀመጥ ነገር አይደለም፤ በየወሩ የሚያድገው ፎሊክል በዚያው ወር የሚያመርተው ነው።

በየወሩ በርከት ያሉ ፎሊክሎች አብረው ማደግ ቢጀምሩም በመጨረሻ አብዛኛውን ጊዜ አንዱ ብቻ ሌሎቹን ቀድሞ ይበስላል። ከአንጎል በታች ያለችው ፒቱታሪ የተባለች እጢ ኤፍኤስኤች የሚባል ሆርሞን ወደ ደም ትልካለች፤ ፎሊክሎቹ በእርሱ ኃይል ያድጋሉ። ኤስትሮጅን ከፍ እያለ ሲሄድ ፒቱታሪ ኤፍኤስኤችን ትቀንሳለች፤ ያን ጊዜ ደካሞቹ ፎሊክሎች ይከስማሉ፣ ጠንካራው ብቻ ይቀራል። ይህ አንድ ፎሊክል ከበሰለና ኤስትሮጅኑን ለሁለት ቀን ያህል ከፍ አድርጎ ካቆየ በኋላ ፒቱታሪ ኤልኤች የተባለውን ሌላ ሆርሞን በብዛት ትለቃለች፤ ከ36 ሰዓት ገደማ በኋላም እንቁላሉ ይወጣል። የተተወው ባዶ ፎሊክል እንኳ ሥራው አላበቃም፤ ወደ ቢጫ አካል ተለውጦ ለ14 ቀን ያህል ፕሮጄስትሮን ያመርታል፣ የማህፀንን ግድግዳ ለጽንስ ያዘጋጃል። ጽንስ ካልተፈጠረ ቢጫው አካል ይከስማል፣ ፕሮጄስትሮን ይወርዳል፣ የወር አበባ ይመጣል።

እዚህ ላይ ልብ እንዲሉልኝ የምፈልገው አንድ ነገር አለ። ሁለት ጤናማ እጢ ያላት ሴትም ብትሆን በአንድ ወር ውስጥ አብዛኛውን ኤስትሮጅን የምታገኘው ከአንድ እጢ፣ እንዲያውም በዚያ እጢ ውስጥ ካለ ከአንድ ፎሊክል ነው፤ ፕሮጄስትሮኗም የሚመጣው ከዚያው ነው። አማትዎ የሚያነሡት ምሳሌ ለእርሻ እውነት ነው፤ የእንቁላል እጢዎች ግን በአንድ ቀንበር የተጠመዱ በሬዎች አይደሉም። ሁለቱ ቀድሞውንም ቢሆን በአንድ ጊዜ አይጎትቱም፤ በአንዱ ወር አንዱ፣ በሌላው ወር ሌላው ይሠራል፤ ተራቸውም ቢሆን የተወሰነ ሥርዓት የለውም። አንጎል ደግሞ የእጢዎቹን ቁጥር አያውቅም፤ የሚያነበው በደም ውስጥ ያለውን የሆርሞን መጠን ብቻ ነው። አንዱ እጢ ሲወጣ መጠኑ ለጊዜው ዝቅ ይላል፣ ፒቱታሪም ኤፍኤስኤችን ጨመር አድርጋ የቀረውን እጢ በየወሩ ታሠራዋለች። ስለዚህ አንድ እጢ ያላት ሴት በየሁለት ወሩ ሳይሆን በየወሩ እንቁላል ትለቃለች፣ በየወሩም የወር አበባ ታያለች።

ስለ ማረጥ የጠየቁት ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ምክንያቱም የእንቁላል ክምችት በእርግጥ የተወሰነ ነው። አንዲት ሴት ልጅ ገና በእናቷ ማህፀን በ20ኛው ሳምንት ላይ ሳለች ከ6 እስከ 7 ሚሊዮን የሚደርሱ እንቁላሎች አሏት፤ ስትወለድ ከ1 እስከ 2 ሚሊዮን፣ ለአቅመ ሔዋን ስትደርስ ደግሞ ከ300 ሺህ እስከ 400 ሺህ ይቀራሉ። በዕድሜዋ ሙሉ ከእጢዋ የሚወጡት ግን ከ400 እስከ 500 ያህል ብቻ ናቸው። የቀሩት ሁሉ፣ ወለደችም አልወለደችም፣ የወሊድ መቆጣጠሪያ ወሰደችም አልወሰደችም፣ በራሳቸው ጊዜ ይከስማሉ። የክምችቱ ግማሽ በቀዶ ሕክምና ቢወጣም የማረጫ ጊዜ በግማሽ የማያጥረው ለዚህ ነው፤ አንድ እጢያቸው የወጣላቸው ሴቶች በአማካይ የሚያርጡት ከሌሎቹ በ1 ዓመት ገደማ ቀድመው ነው። አብዛኞቹ ሴቶች የሚያርጡት ከ45 እስከ 55 ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ መሆኑን ሲያስቡ ይህ ልዩነት ትንሽ ነው። እርግጥ አማካይ ቁጥር ለእያንዳንዷ ሴት ዋስትና አይሆንም፤ እናትዎ ወይም እህትዎ ከ45 ዓመት በፊት አርጠው ከሆነ ለሐኪምዎ ይንገሩ።

አሁን ወደ ወር አበባዎ መዘግየት እንመለስ። የ3 ወር መርፌ የሚሠራው ፒቱታሪ ኤልኤች በብዛት እንዳትለቅና እንቁላል እንዳይወጣ በመከልከል ነው፤ በዚያ ጊዜ እጢዎቹ ያርፋሉ እንጂ አይደርቁም። ከሌሎቹ የወሊድ መቆጣጠሪያዎች የሚለየው ግን መድኃኒቱ ከጡንቻ ውስጥ ቀስ ብሎ የሚያልቅ በመሆኑ፣ ካቆሙ በኋላ እንቁላል መውጣት የሚጀምርበት ጊዜ መራዘሙ ነው። መርፌውን አቁመው ልጅ የሚሞክሩ ሴቶች ከመጨረሻው መርፌ እስከ መጸነስ በአማካይ ከ9 እስከ 10 ወር ይፈጅባቸዋል፤ ከዚያም በላይ የሚቆዩ ብዙ ናቸው። ነሐሴ ላይ የተወጋች ሴት ሚያዝያ ላይ የወር አበባ ማየቷ፣ ሁለቱም እጢዎቿ ቢኖሩም እንኳ፣ የተለመደ ነው። ዑደቱ ሲመለስም የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ወራት ይዛነፋሉ፤ 41 ቀን ከ24 እስከ 38 ቀን ከሚባለው ከተለመደው ገደብ ትንሽ ያለፈ ቢሆንም በዚህ ሁኔታ የሚያሰጋ አይደለም። በጎጃም ገጠርም በከተማም «መርፌው ማህፀን ያደርቃል» ተብሎ የሚነገረው የተነሣው ከዚህ መዘግየት ይመስለኛል። የዘገየ ነገር ጠፋ ማለት አይደለም፤ ቶሎ ለመጸነስ የሚያስብ ሰው ግን ሌላ መከላከያ ቢመርጥ ይሻላል፤ ይህ ሴቶች መርፌውን ከመጀመራቸው በፊት ሊነገራቸው የሚገባ ነው።

እባጩንም ያመጣው መርፌው አይደለም፣ መተትም አይደለም። ዴርሞይድ የሚነሳው ከራሱ ከእንቁላል ሕዋስ ነው። የእንቁላል ሕዋስ ሙሉ ሰው ሊሆን የሚችል ዘር የያዘ ስለሆነ ቆዳ፣ ፀጉር፣ ስብ፣ ጥርስና አጥንት የመሥራት ችሎታ በውስጡ አለ። አልፎ አልፎ አንዱ ሕዋስ ከወንድ ዘር ጋር ሳይገናኝ በራሱ መከፋፈል ይጀምርና ያለ ሥርዓት እነዚህኑ ነገሮች ይሠራል፤ እባጩ ሲከፈት ቅባት ውስጥ የተጠቀለለ ፀጉርና አንዳንዴ የተሟላ ጥርስ የሚገኘው ለዚህ ነው። ላየው ሰው ያስደነግጣል፤ በቀዶ ሕክምና ክፍል ግን በየጊዜው የሚታይ ነገር ነው፣ በመውለጃ ዕድሜ ላይ ካሉት የእንቁላል እጢ እባጮችም በብዛት ከሚገኙት አንዱ ነው። የሚያድገውም እጅግ ቀስ ብሎ፣ በዓመት ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። 9 ሴንቲ ሜትር የደረሰ ዴርሞይድ መርፌውን ከመጀመርዎ ብዙ ዓመት በፊት የነበረ መሆን አለበት። ማንም ያደረገብዎ ነገር የለም፣ እርስዎም ያጠፉት ነገር የለም፤ ከጎረቤትም ሆነ ከዘመድ ጋር በዚህ ምክንያት የተቀያየማችሁ ካለ ይህን አሳውቁት።

ከወጡት 100 ዴርሞይዶች መካከል ካንሰር የሚሆኑት ከ1 እስከ 2 የሚደርሱ ብቻ ናቸው። ያም ሆኖ የወጣው እጢ ለፓቶሎጂ ምርመራ፣ ማለት ሕዋሳቱ በማይክሮስኮፕ ለሚታዩበት ምርመራ፣ ተልኮ ከነበረ ውጤቱን ሄደው ይቀበሉ፤ ብዙ ታካሚዎች ከሆስፒታል ከወጡ በኋላ ለውጤት አይመለሱም፣ ይህ መቅረት የሌለበት ነው። ከዚህ የበለጠ የሚያሳስበኝ ደግሞ የግራው እጢ ነው። ዴርሞይድ ካለባቸው 100 ሴቶች ከ10 እስከ 15 በሚሆኑት ላይ በሌላውም እጢ ይገኛል። ቀዶ ሕክምና ያደረገልዎት ሐኪም የግራውን አይቶ ጤናማ መሆኑን ጽፎ ሊሆን ይችላል፤ ቢሆንም ትንሽ እባጭ በዓይን ላይታይ ስለሚችል በዚህ ዓመት አንድ ጊዜ አልትራሳውንድ ይነሡ፤ ከዚያም በየዓመቱ ይደግሙት።

የግራው እጢ ሴት ብቻ ይወልዳል የሚለው መሠረት የለውም። የእንቁላል ሕዋሳት ሁሉ፣ ከግራም ይውጡ ከቀኝ፣ በጾታ ረገድ አንድ ዓይነት ናቸው፤ ሁሉም ኤክስ የሚባለውን ክሮሞዞም ይይዛሉ። ጾታን የሚወስነው ከባል የሚመጣው ዘር ኤክስ ወይም ዋይ መያዙ ነው።

የፀጉርዎ መርገፍም ከሆርሞን እጥረት የመጣ አይመስለኝም። ከከባድ ቀዶ ሕክምና፣ ከወሊድ ወይም ከብርቱ ትኩሳት ከ2 እስከ 3 ወር በኋላ ፀጉር በብዛት ይረግፋል፤ ጊዜው ከእርስዎ ጋር ይገጥማል፣ አብዛኛውን ጊዜም በወራት ውስጥ በራሱ ይመለሳል። ድካሙ ግን መመርመር አለበት። ከደም ማነስ ሊመጣ ስለሚችል በአቅራቢያዎ ባለ ጤና ጣቢያ ሄሞግሎቢን ያሠሩ፤ እርሱ ደህና ከሆነ በአንገት ላይ ያለችው የታይሮይድ እጢ ምርመራ ይከተላል።

ጎረቤትዎ የመከሩዎት እንክብል ምን እንደሆነ ስሙን አልጻፉልኝም፤ የትኛውም ቢሆን ግን ለእርስዎ አይሆንም። ኤስትሮጅንና ፕሮጄስትሮን አንድ ላይ የያዘ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ የወሊድ መቆጣጠሪያ ነው፤ ፒቱታሪን አስተኝቶ ያንን አንድ እጢዎን ሥራ ያስፈታዋል፣ ልጅ እየፈለጉ እርግዝና ይከለክልዎታል። ኤስትሮጅን ብቻ ከሆነ ደግሞ ማህፀን ላላት ሴት አደገኛ ነው፤ ፕሮጄስትሮን ሳይኖር ለብዙ ጊዜ ከተወሰደ የማህፀን ግድግዳ ከመጠን በላይ እንዲያድግና ውሎ አድሮም ወደ ካንሰር እንዲሄድ ያደርጋል። ሁለቱም ደም በእግር ሥር ውስጥ እንዲረጋ የማድረግ ባሕርይ አላቸው። እንቁላል ያፈላሉ ተብለው የሚሰጡትን እንደ ክሎሚፌን ያሉትንም ቢሆን ከሰው ተቀብለው አይዋጡ፤ እጢውን ሊያሳብጡት ይችላሉ፣ ያበጠ እጢ ደግሞ በቀላሉ ይጠማዘዛል፤ እርስዎ የቀረዎት አንድ ብቻ ነው።

ሆርሞን የመተካት ሕክምና በእርግጥ የሚያስፈልጋቸው ሴቶች አሉ፤ ሁለቱም እጢዎቻቸው በወጣትነታቸው የወጡላቸው ወይም ከ40 ዓመት በፊት እጢዎቻቸው ሥራ ያቆሙባቸው። ኤስትሮጅን አጥንት እንዳይሳሳ፣ ልብና የደም ሥሮች ጤናማ እንዲሆኑ፣ የብልት አካባቢ እንዳይደርቅ፣ እንቅልፍና ስሜት እንዳይናጋ ስለሚረዳ እነዚህ ሴቶች የሚከለክል ሌላ ሕመም ከሌለባቸው እስከ 50 ዓመት ገደማ ሕክምናው ይሰጣቸዋል። እርስዎ ከእነዚህ ወገን አይደሉም። የሆርሞን የደም ምርመራም አሁን አያስፈልግዎትም፤ መርፌው ያሳደረው ተጽዕኖ ገና ሊኖር ስለሚችል ቁጥሩ ያሳስትዎታል፣ የእንቁላል ክምችትን ይለካል የሚባለው ኤኤምኤች የተሰኘው ምርመራም በተፈጥሮ መንገድ መጸነስ አለመጸነስዎን አይነግርም። የወር አበባዎ ለ3 ወር ከጠፋና እርግዝና ካልሆነ፣ ወይም ሌሊት የሚያነቃ ሙቀትና ላብ ከመጣ ያን ጊዜ ኤፍኤስኤችና ኤስትሮጅን መለካት ተገቢ ይሆናል።

እንግዲህ የምመክርዎት ይህን ነው። ከሚያዝያ ጀምሮ አንድ ሙሉ ዓመት ለራስዎ ይስጡ። ቀን መቁጠር ሳያስፈልግ በየ2 እና በየ3 ቀኑ መገናኘት ይበቃል፤ እንቁላል ከመውጣቱ በፊት ያሉት 5 ቀናትና የሚወጣበት ቀን የመጸነሻ ቀናት ስለሆኑ በዚህ አካሄድ አያመልጧችሁም። የግራው እጢና የግራው ቱቦ አንድ ላይ መትረፋቸው መልካም ነገር ነው፤ እንቁላሉ ከእጢው ወጥቶ በአጠገቡ ባለው ቱቦ ይገባል። ከአሁኑ ጀምረው በየቀኑ 0.4 ሚሊ ግራም ፎሊክ አሲድ ይውሰዱ፤ በአገራችን የጽንስ አከርካሪና ጭንቅላት አለመዘጋት ችግር በብዛት ስለሚታይ፣ ይህም የሚፈጠረው ሴቲቱ ማርገዟን ሳታውቅ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ስለሆነ፣ ከእርግዝና በፊት መጀመሩ ነው የሚጠቅመው። እስከ መጪው ሚያዝያ ካልጸነሱ ደብረ ማርቆስ ወይም ባሕር ዳር የማህፀንና ጽንስ ስፔሻሊስት ዘንድ ሁለታችሁም አብራችሁ ሂዱ። ሁለታችሁም የምለው በከንቱ አይደለም፤ ከማይጸንሱ ጥንዶች ወደ ግማሽ በሚጠጉት የወንዱ ዘር ችግር ብቻውን ወይም ከሴቷ ጋር ተደርቦ ይገኛል፣ የዘር ምርመራ ደግሞ ከማንኛውም የሴት ምርመራ ይልቅ ቀላል ነው። ቀዶ ሕክምና የተደረገልዎት እርስዎ ስለሆኑ ብቻ ጥፋቱ ሁሉ በእርስዎ ላይ መጫን የለበትም። ከዚያ በኋላ በወር አበባ ዑደት ሁለተኛ አጋማሽ ፕሮጄስትሮን በመለካት እንቁላል መውጣቱ ይረጋገጣል፣ የቱቦው ክፍት መሆንም በኤክስሬይ ይታያል።

ሲጸነስም በ6ኛው ወይም በ7ኛው ሳምንት አልትራሳውንድ ይነሡና ጽንሱ በማህፀን ውስጥ መሆኑ ይታይ። የወር አበባ ዘግይቶ በአንድ ጎን ሕመም ወይም ማዞር ከመጣ ግን ቀጠሮ አይጠብቁ።

ከሁሉ በላይ የማስጠነቅቅዎት ስለ ሕመሙ ነው። ጥር ላይ የያዘዎትን የመሰለ ሕመም፣ በድንገት የሚጀምር፣ በአንድ ጎን የሚበረታ፣ ማስመለስ የሚጨመርበት፣ አንዳንዴ ለቀቅ ብሎ የሚመለስ፣ በግራ በኩል ከመጣ እጢው ተጠማዞ ሊሆን ይችላል። መጠማዘዝ በቀኝ በኩል ይበዛል፤ በግራ በኩል ትልቁ አንጀት ቦታውን ስለሚይዝ እጢው እንደልቡ አይዞርም፤ ይሁን እንጂ አይገጥምም ማለት አይደለም። ሲጠማዘዝ ደም የሚያመላልሱት ሥሮች ይታነቃሉ፤ በሰዓታት ውስጥ ከተደረሰ እጢውን መልሶ ፈትቶ ማትረፍ ይቻላል፣ ጥቁር ቢመስልም እንኳ ብዙ ጊዜ ያገግማል፤ ሲያድር ሲሰነብት ግን ይሞታል። ስለዚህ ማስታገሻ ውጦ እስኪነጋ መጠበቅ፣ ሆድ ማሸት ወይም ጠበል ሄዶ ማደር በዚህ ሕመም ጊዜ አይገባም፤ ጸሎቱም ጠበሉም ከሆስፒታል በኋላ ይደርሳሉ። የመጀመሪያዋን እጢ ያጣች ሴት ሁለተኛዋንም ብታጣ፣ ከላይ የጻፍኩትን የሆርሞን ሕክምና የምትፈልግ ትሆናለች፤ የራሷንም እንቁላል ዳግም አታገኝም።

በአልትራሳውንድ የግራው እጢ ላይ ትንሽ ዴርሞይድ ቢታይ ወዲያው ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋል ማለት አይደለም፤ ከ5 ሴንቲ ሜትር በታች ያለና የማያምም ከሆነ እየተከታተሉ መቆየት ይቻላል። መውጣት ካለበት ደግሞ እጢው ሳይወጣ እባጩን ብቻ ፈልፍሎ ማውጣት የሚቻልበት መንገድ ስላለ፣ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ሐኪሙን «ያለኝ ይህ ብቻ ነው፣ ልጅም እፈልጋለሁ» ብለው ይንገሩት፣ በፈቃድ ቅጹም ላይ ይጻፍልኝ ይበሉ። ጥር ላይ ከሆስፒታሉ የተሰጠዎትን ወረቀትም አይጣሉ፤ ፎቶ አንሥተው በስልክዎ ያስቀምጡ፣ በሄዱበት ጤና ጣቢያና ሆስፒታል ሁሉ መጀመሪያ ያሳዩት። ከሆድ ጠባሳ ብቻ የትኛው እጢ እንደወጣ ማንም ሐኪም ሊያውቅ አይችልም።